የመጀመሪያው መልስ የሰው ነው

(ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ በአንድ የመምህራንና የወላጆች የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ እንዳለ የተገለበጠ)

እንዴት ዋላችሁ?

ኧረ ይሄ ከምሳ በኋላ ያለ ሰላምታ ነው። እንደገና ልጠይቅ፤ እንዴት ዋላችሁ? እሰይ! እግዜር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ መምህራን ባልደረቦቼ፣ እናንተም ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ ወጣቶች፤ በዚህ ሙቀት ለጣና ጀርባችሁን ሰጥታችሁ እኔን ልትሰሙ ስለገባችሁ አመሰግናለሁ። እኔ ብሆን ውጭ ዛፍ ሥር ነበርኩ።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ሥራ አለባችሁ። ስትገቡ አንዳንድ ባዶ ወረቀትና እርሳስ ተሰጥቷችኋል። አውጡት። እንበልና ቤታችሁ ጀበና ተሰበረ። አንገቱ ተቀነጠሰ፣ ሆዱ ተሰነጠቀ፤ ከእንግዲህ ቡና አይፈላበትም። ይህ ጀበና ለምን ለምን ሊያገለግል ይችላል? አሥር አገልግሎት ጻፉ። አዎ፣ አሥር! አንድ ሁለቱን አሁን ጻፉ፤ የቀረውን እኔ ስናገር በጎን ትጨርሳላችሁ። ከጎረቤት መኮረጅ ክልክል ነው። መምህራንን በተለይ ነው የምለው።

እናንተ እየጻፋችሁ እኔ ከቃሉ ልነሳ። የጠራችሁኝ ስለ ሰው ልጅ የፈጠራ ችሎታ ሥነ ልቦና ምን ይላል ብላችሁ ነው። ፈጠራ! ይህ ቃል በአማርኛችን ሁለት ፊት አለው። አንድ ልጅ የተበላሸ ሬዲዮ ፈታቶ መብራት ሲሠራበት "ፈጠራ" እንላለን። ጎረቤት ያልሆነ ወሬ ሲያመጣም "ኧረ ተዉት፣ ፈጠራ ነው" እንላለን። በላዩ ላይ ደግሞ ፈጣሪ ብለን የምንጠራው አንድ ብቻ ነው፤ የላይኛው። እንግዲህ ልጅ "ፈጠርኩ" ብሎ ሲመጣ ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ደፍሯል። መሀል ላይ መቆሚያ አልሰጠነውም። አያቴ ነፍሷን ይማርና "ፈጠርኩ አትበል፣ አገኘሁ በል" ትለኝ ነበር። ያኔ የሃይማኖት ነገር ይመስለኝ ነበር። ኋላ መጽሐፍ ስገልጥ፣ ነገሩን ከብዙ ሊቃውንት ይልቅ አያቴ በአጭሩ ብላዋለች አልኩ። ያገኘ ሰው ፈልጎ ነበር ማለት ነዋ! እኔም ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፍለጋው ነው።

ሥነ ልቦና ራሱ ወደዚህ ጉዳይ የመጣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ጄ. ፒ. ጊልፎርድ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ የአገሩ የሙያ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲናገር ባልደረቦቹን በቁጥር ወቀሳቸው። ባለፉት 23 ዓመታት በሙያችን ከተመዘገቡት 121,000 ያህል ጽሑፎች ውስጥ ስለ ፈጠራ የሚናገሩት 186 ብቻ ናቸው አላቸው። አስቡት! ስለ አይጥ ስንት ተጽፏል፣ ስለ ሰው ብልሃት 186።

ጊልፎርድ አስተሳሰብን በሁለት ከፈለው። አንደኛው ወደ አንድ ትክክለኛ መልስ መሰብሰብ ነው። የኛ ፈተና ሁሉ እርሱ ነው። "የዓባይ መነሻ የት ነው?" "ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ።" ልክ፤ ተቀመጥ። ሁለተኛው ከአንድ ጥያቄ ተነስቶ ወደ ብዙ መልስ መበተን ነው። "አንድ ጡብ ለምን ለምን ያገለግላል?" የሚለው ጥያቄ የዚህ መፈተኛ ሆኖ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እኔ ጡቡን ጀበና አደረግሁላችሁ፤ ጡብ ስትሉ ቤት ሥራ ትዝ እንዳይላችሁ ብዬ ነው።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ሦስተኛው ሰዓት ከተረፈ ነው።

አንደኛው ይኸውላችሁ፦ የመጀመሪያው መልስ የሰው ነው። ልድገመው፤ የመጀመሪያው መልስ የሰው ነው!

ልጅ ሳለሁ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር። አትገረሙ፤ አልዘለቅሁም። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላሁም። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልኩ የጎጃምን ውሻ ሁሉ ተዋውቄአለሁ። የቅኔ ቤት ውሎ ለማታውቁት እንዲህ ነው። ሌሊት ግስ ይወረዳል፣ አገባብ ይጠናል። ቀን ቀን ተማሪው ለቆጠራ ይወጣል፤ ቅኔ "ይቆጠራል" ነው የሚባለው። አንዱ ዛፍ ሥር፣ አንዱ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ተከናንቦ፣ ብቻውን። ማታ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፣ ያሰማል፣ መምህሩ ያርማል። ጀማሪ ከጉባኤ ቃና ነው የሚነሳው። ሁለት ቤት ብቻ። ሁለት መስመር! ቀላል ይመስላል አይደል?

የመጀመሪያዬን ጉባኤ ቃና ይዤ የኔታ ፊት ስቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። የኔታ ዐይናቸው ጠፍቷል፤ ጆሯቸው ግን ሣር ሲያድግ የሚሰማ ነው። አሰማኋቸው። ዝም አሉ። ጭራቸውን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አወዛወዙና፣

"ማነው ያለው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ የኔታ።"

"አንተማ አፉ ነህ። ያለው ማነው?"

ቀለጥኩ። ለካ ከፍ ያለ ተማሪ ከሳምንት በፊት ሲቀኝ የሰማሁትን ምሥጢር ቃሉን ለውጬ አምጥቼዋለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሰረቅሁ አልመሰለኝም። ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ ጨንቆኝ፣ ላቤ ወርዶ፣ ከራሴ የመጣ ነበር የመሰለኝ። የኔታ ግን አልተቆጡኝም። እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነው ያሉኝ፦ "ይኸ ደጅ ላይ ያለው ነው። ደጅ ያለውን ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያነሳዋል። ግባ።"

"ግባ" አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። በማግስቱ ተመልሼ ዛፌ ሥር ተቀመጥኩ።

እስቲ አንድ ነገር አስተውሉ። በቤተ ክርስቲያን ዳዊት ይደገማል፣ ዜማ ይደገማል። ቅኔ አይደገምም። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አዲስ ነው ተብሎ አይቀርብም። ስንት መቶ ዓመት ሙሉ፣ በዋሸራ በሉት በጎንጅ፣ "የትናንቱን አታምጣ" የሚል ትምህርት ቤት የነበረን ሰዎች ነን። ታዲያ ይህን ከየት ረሳነው?

የኔታ በጆሯቸው ያወቁትን ተመራማሪዎች ቆጥረው ደረሱበት። ሰው ለጡቡ አገልግሎት ሲደረድር መጀመሪያ የሚያመጣው ሁሉም ሰው የሚያመጣውን ነው፦ ቤት መሥሪያ፣ አጥር፣ መቀመጫ። እየቆየ ሲሄድ መልሱ ይሳሳል፣ በደቂቃ የሚመጣው ቁጥር ይቀንሳል፤ እንግድነቱ ግን ይጨምራል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ምክንያቱም ትዝታችን እንደ ሱቅ መደርደሪያ ነው፤ ለእጅ የሚቀርበውን ነው ቀድሞ የሚያቀብለን። ለእጅ የሚቀርበው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተነሳው ነው።

ከዚህ የሚብሰውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ብራያን ሉካስና ሎራን ኖርድግሬን የሚባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ሐሳብ ሲያፈልቁ ቆይተው "አሁንስ የሚመጣልኝ ሁሉ እየወረደ ነው" ብለው እንደሚያምኑ አሳዩ። ሐሳቡ ሲመዘን ግን አልወረደም፤ ወይ እዚያው ነው፣ ወይ ተሽሏል። የደከመው ሰውየው እንጂ ሐሳቡ አይደለም! እኛ ግን ድካማችንን የሐሳቡ ድካም አድርገን እንቆጥረዋለን፤ ከዚያ እናቆማለን። መቼ እናቆማለን? ደጁን አልፈን ልንገባ ስንል።

ወረቀታችሁ ላይ አራተኛው ጋ ቆማችሁ ጣሪያ የምታዩ ሰዎች አሉ። አይቻችኋለሁ። ቀጥሉ።

ለመዝናኛ አንድ ጨዋታ። እ.ኤ.አ. በ1962 ሳርኖፍ ሜድኒክ የሚባል ሊቅ፣ ፈጠራ ማለት ተራርቀው ያሉ ነገሮችን ማገናኘት ነው ብሎ መፈተኛ አወጣ። ሦስት ቃል ይሰጣል፤ ሦስቱን የሚያያይዝ አራተኛ ቃል ይጠይቃል። በአማርኛ አንድ ሠርቼላችኋለሁ። ደጅ፣ ጉባኤ፣ ንጉሥ። ደጅ፣ ጉባኤ፣ ንጉሥ! ሦስቱም ላይ የሚገጥም አንድ ቃል?

"አዳራሽ" ያልከው ማነህ? ጉባኤና ንጉሥ ላይ ይሄዳል፤ ደጅ ላይ አንከሰ። ሌላ?

እሰይ! እናቴ፣ እጅዎን አንሱት ይዩዎት። "አፍ"! ደጃፍ፣ አፈ ጉባኤ፣ አፈ ንጉሥ። አያችሁ፣ ቃሉን ሁላችሁም ታውቁት ነበር። የማይታወቅ ነገር አልጠየቅኋችሁም። የታወቀውን ካልታወቀ ቦታ ነው ያነሱት። ሰምና ወርቅ ሌላ ምንድን ነው? አንድ ቃል በሁለት ቤት የሚያድርበት ጥበብ አይደለም?

አሁን ከቅኔው ወርደን ወደ ውሃው እንምጣ። ከዚህ አዳራሽ ብዙ ሳንርቅ ታንኳ ይሠራል። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ስንሸራሸር አንድ ሰው ታንኳ ሲያስር አገኘሁና ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ቆየሁ፤ ባለቤቴ ስትደውል አልሰማሁም። ደንገሉ ተቆርጦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ገለባ ዞሯል። በእጃችሁ ብትይዙት ላባ ነው፤ ጫን ስትሉት ይሰረጉድና ይመለሳል፣ ውስጡ አየር ነው። ሰውየው ነዶውን በጉልበቱ ይረግጣል፣ የገመዱን ጫፍ በጥርሱ ይይዛል፣ ሌላውን ጫፍ በሁለት እጁ እየሳበ ያጠብቃል። ደንገሉ ሲጠብቅ "ጭር፣ ጭር" የሚል ድምፅ አለው። ገመዱን ጠጋ ብዬ ሳየው የልጥ ገመድ አይደለም። ማዳበሪያ ነው! የማዳበሪያ ከረጢት ተርትሮ፣ ክሩን በጭኑ ላይ ገምዶ ገመድ አድርጎታል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምን ሲያደርግ አየሁ መሰላችሁ? ክዳናቸው የተዘጋ ባዶ ሃይላንዶች እየደረደረ በነዶው መሀል ያስራል።

"ወንድሜ፣ ይህን ማን አሳየህ?" አልኩት።

ቀና ሳይል፣ ገመዱን ከጥርሱ ሳይለቅ መለሰልኝ፦ "ደንገል ጠፋ፣ ሃይላንድ በዛ።"

አራት ቃል! እኔ ይህን ለማስረዳት ስንት ሰዓት ሌክቸር ስሰጥ ኖሬአለሁ መሰላችሁ። ሰው ሃይላንድን ሲያይ ውሃ መያዣ ያያል። ውሃው ሲያልቅ ቆሻሻ ያያል። እርሱ ግን ያየው የታሰረ አየር ነው። ደንገልም እኮ የታሰረ አየር ነው! ሁለቱ ነገሮች በመልክ አይገናኙም፣ በዋጋ አይገናኙም፣ በሥራቸው ተገናኙለት።

ካርል ዱንከር የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን በሻማ ፈትኖታል። ሻማ፣ ክብሪት፣ በትንሽ ሳጥን የሞሉ አናታቸው ሰፊ አጫጭር ሚስማሮች ይሰጣችኋል፤ ሻማውን ግድግዳው ላይ አቁማችሁ አብሩት ትባላላችሁ። ሰዉ ሻማውን ራሱን በሚስማር ሊመታው ይሞክራል፤ አቅልጦ ሊያጣብቀው ይሞክራል። መልሱ ምንድን ነው? ሚስማሮቹን አፍስሱ፣ ባዶውን ሳጥን ግድግዳው ላይ ምቱት፣ ሻማውን ላዩ ላይ አቁሙት። አበቃ! ሳጥኑ ሚስማር መያዣ ስለሆነ ግን መደርደሪያ መሆኑ አይታያቸውም። ሚስማሮቹ ከሳጥኑ ውጭ ተቀምጠው ሲቀርቡ ግን ብዙ ቀለላቸው። ዕቃው ያው፣ ጥያቄው ያው። ሳጥኑን ያሰረው የያዘው ሥራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህን ዓይነት ፈተና ለሕፃናት አቀረበ። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች እንደኛው በሳጥኑ ሥራ ታሰሩ። የአምስት ዓመቶቹ አልታሰሩም። ሳጥን ለምን እንደሆነ ገና አልተነገራቸውማ! እናንተ እናቶች፣ አምስት ዓመት ልጃችሁ ድስት ራሱ ላይ ደፍቶ ሲዞር ስንቴ ቆንጥጣችሁታል?

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ታንኳ የሚሠሩትን ሰዎች ይህ አገር እንዴት ሲያያቸው ኖረ? ወይጦ ብሎ በንቀት አልነበረም? ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ምን ስንላቸው ነበር? ብረት አቅልጦ ማረሻ የሚሰጠንን ሰው "ቡዳ" ብለን፣ በማረሻው አርሰን በላን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ ካስፈለገ ስድቡ ምን ያህል ነበር? ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የሚባለው ሊቅ፣ ፈጠራ በሰውየው ራስ ውስጥ ብቻ የሚኖር ነገር አይደለም ይላል፤ በሰውየው፣ በሙያው፣ ሥራውን በሚመዝኑት ሰዎች፣ በሦስቱ መሀል ነው የሚኖረው። ሚዛን የያዝነው እኛ ነን። የኔታ ሚዛን ይዘው "ግባ" አሉኝ። እኛ ሚዛን ይዘን "ቡዳ" አልን። "ኢትዮጵያውያን ለምን አዲስ ነገር አንሠራም?" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ነገሬን ከዚህ ነው የምጀምረው።

ሰዓቴ እየሄደ ነው። ሁለተኛውን በአጭሩ።

ሁለተኛው፦ ማሳደር ነው። እንጀራ የምትጋግሩ ታውቁታላችሁ። ሊጥ አቡክታችሁ፣ እርሾ ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ ትተኛላችሁ። እናንተ ትተኛላችሁ እንጂ ሊጡ አይተኛም! ግሬሃም ዋላስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1926 የሐሳብን መንገድ በአራት ደረጃ ሲከፍለው ሁለተኛው ይኸው ነው፦ መዘጋጀት፣ ማሳደር፣ መብራት፣ ማጣራት። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፑዋንካሬ ሲታገለው ለከረመ ጥያቄ መልሱ የመጣለት ጉዞ ላይ፣ እግሩን የኦምኒቡስ፣ የዚያ ዘመን የሕዝብ ማመላለሻ ሠረገላ፣ ደረጃ ላይ ባሳረፈባት ቅጽበት ነው። ይህን ራሱ ተናግሮታል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም ብዙዎቹ ጥያቄውን ለጥቂት ጊዜ ትቶ መመለስ እንደሚረዳ አሳይተዋል። መራመድም ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ስታንፎርድ ላይ ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎችን ተቀምጠውና እየተራመዱ ፈትነው፣ ሲራመዱ የሚያፈልቁት አዲስ ሐሳብ በአማካይ 60 በመቶ ያህል ጨምሮ አገኙት። የሚገርመው ግድግዳ እያዩ በመሮጫ ማሽን ላይ የተራመዱትም ተጠቅመዋል። የኛ ደግሞ ማሽን አይደለም፤ ዘንባባ ጥላ ሥር፣ ጣና ዳር ነው። በነጻ!

ግን ተጠንቀቁ። ይህን ለተማሪዎቼ ባስተማርኩ በሳምንቱ የቤት ሥራ ስጠይቅ "መምህር፣ እያሳደርኩት ነው" ይሉኝ ጀመር። ዱቄት ሳይቦካ ሳምንት ቢያድር ዱቄት ነው! ፑዋንካሬ ኦምኒቡሱ ላይ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ቀን ሲያቦካ ከርሟል። የቅኔ ተማሪም ሌሊቱን ግስ ባያወርድ ቀን ዛፍ ሥር የሚያገኘው እንቅልፍ ነው። ከራሴ ነው የማውቀው፤ ብዙ ተኝቼበታለሁ።

ሦስተኛው። ይህን ስናገር ልጄ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላለች ይቅርታዋን እየጠየቅሁ ነው።

ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ ከሰል ካገኘች ግድግዳ አይተርፋትም ነበር። ትሥላለች። ምን እንደምትሥል አይታወቅም። አንድ ቀን ረጅም ነገር፣ ብዙ እግር ያለው፣ ላዩ ላይ ዐይን የተደረደረ ሣለች። "ይህ ምንድን ነው?" ስላት "ዝናብ ነው፣ እያየን ነው የሚመጣው" አለችኝ። እኔ አባት ነኝ፣ መምህር ነኝ፣ ደስ አለኝ፤ ላበረታታት ፈለግሁ። ወረቀትና ቀለም ገዛሁና "ለአንድ ሥዕል አንድ ብር" አልኳት።

በሳምንቱ ሃያ ሥዕል ይዛ መጣች። ሃያውም ጎጆ ነው። ጎጆ፣ ፀሐይ፣ ዛፍ። ጎጆ፣ ፀሐይ፣ ዛፍ። ቶሎ የሚያልቀውን መርጣለች፤ ልጅ ሞኝ አይደለም። ሃያ ብር ከፈልኩ። የሚቀጥለው ወር ደመወዝ ሳይደርስ ኪሴ ባዶ ሆነና ክፍያው ቆመ። ሥዕሉም ቆመ። ወደ ዝናቡ አልተመለሰችም። ዛሬ ባንክ ነው የምትሠራ፤ ሒሳቡን ያኔ ከኔ ጋር ነው የጀመረችው። አትሳቁባት፣ በኔ ሳቁ።

ኋላ መጽሐፍ ሳነብ ኃጢአቴን በጥናት ተጽፎ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በሦስት ከፈሉ። ለአንዱ ቡድን "ብትሥሉ የወርቅ ማኅተምና ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት እንሰጣችኋለን" አሏቸው። ሁለተኛው ቡድን ሣለ፤ ሳይጠብቅ ተሸለመ። ሦስተኛው ሣለ፤ ምንም አልተሰጠው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀለሙን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በዝምታ ሲመለከቱ፣ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን አልተጎዱም። እንግዲህ የጎዳው ውሉ ነው። "ለምን ትሥያለሽ?" ለሚለው ጥያቄ ልጅቱ የራሷ መልስ ነበራት፤ እኔ የኔን መልስ ሰጠኋት።

ያ የሻማ ፈተናም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ሳም ግላክስበርግ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 "ፈጥኖ ለሠራ ገንዘብ አለ" ብሎ ሲፈትን፣ ገንዘብ የተባለላቸው ሳጥኑን ለማየት በአማካይ ከ3 ደቂቃ በላይ ዘገዩ። ሳጥኑ ባዶውን ሲቀርብላቸው ግን ገንዘቡ አፈጠናቸው። መንገዱ ግልጽ ሲሆን ብር ያስሮጣል፤ መንገዱ ገና ሲፈለግ ብር ዐይን ይጋርዳል። በዚህ አጋጣሚ፣ ሠዓሊና አዝማሪ በነጻ ይሥራ ማለቴ አይደለም። ይህን ሰምታችሁ ዛሬ ማታ አዝማሪ ቤት ሳትሸልሙ ብትወጡ እኔ የለሁበትም።

መምህራን፣ ስለ ስብሰባም አንዲት ነገር። "ሐሳብ እናዋጣ" ብለን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። እ.ኤ.አ. በ1958 ዬል ዩኒቨርሲቲ ላይ አራት አራት ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ ያመነጨውን፣ አራት ሰው ለየብቻው ካመነጨው ጋር አነጻጽረው፣ ለየብቻ የሠሩት በድምሩ በብዙ በልጠው ተገኙ። አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ ይጠብቃል፣ ሲጠብቅ ይረሳል፣ ሲረሳ የተናገረውን ይደግማል። እኛ ዘንድ ደግሞ አለቃ ቀድሞ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ "የቀድሞውን ተናጋሪ ሐሳብ ለማጠናከር ያህል" ነው። ሐሳቡን መጀመሪያ ለየብቻ አስጽፉ፣ ከዚያ ተሰብሰቡ። የቅኔ ቤቱን አስታውሱ፤ ቀን ለብቻ፣ ማታ ጉባኤ።

ሰብሳቢው ሰዓቱን እያሳየኝ ነው፤ አይቼዋለሁ፣ ላለማየት ነው የምጥረው።

በሉ ወረቀታችሁን። አሥር የሞላችሁ እጅ አውጡ። ጥሩ። አሁን እርሳሳችሁን አንሱና የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰርዙ። ሰርዙ ነው የምለው! ምን እንደሰረዛችሁ ሳላይ ልንገራችሁ? የአበባ መትከያ። ጌጥ። የእርሳስ መያዣ። የልጅ መጫወቻ። የሳንቲም ማጠራቀሚያ። ትስቃላችሁ! የሳቀ ሁሉ ጽፏታል ማለት ነው።

የቀረውን እስቲ እንስማ። እዚህ ጋ ያለህ መምህር?

"ሆዱን ፈጭቼ ከጭቃ ጋር ለአዲስ ጀበና።" ጥሩ ነው! ሸክላ ሠሪዎች የተሰበረ ሸክላ ፈጭተው ጭቃው ላይ ይጨምራሉ፤ ሳታውቀው ሙያቸው ውስጥ ገብተሃል። አንተ ወጣት? "አንገቱን ጋዝ ወደ ጠርሙስ መገልበጫ።" ይሠራል። እዚያ ጋ? "ጎጆ ላይ እንደ ጉልላት መድፋት።" አያቶቻችንም ደፍተዋል፤ መልካም።

እርስዎ እናቴ፣ ቅድም "አፍ" ያሉት። ስንት ሞሉ?

ስምንት። ስምንተኛውን ያንብቡልን። ማይኩን ስጧቸው። ማይኩን ስጧቸው!

"ደጄ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጎረቤት ሲያልፍ አይቶ 'ውይ፣ ጀበናዋ ተሰብሯል' ይልና ቡና ይጠራኛል።"

(ረጅም ሳቅና ጭብጨባ)

እናቴ፣ ይህ የመጣልዎ መቼ ነው?

"አሁን፤ 'ሰርዙ' ሲሉ ነው። ሰባቱ ሁሉ የኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ እርስዎ አንድ አንድ ሲጠሩት ተናደድኩና ጻፍኩት።"